ጠጋ በሉ ያሉን አያ ዘውዱ

የአያ ዘውዱን ማረፍ ለሰፈሩ የነገረው የእድራችን ጥሩምባ ነው። ሐምሌ ነበር። ጠዋቱ ጉም ለብሶ ስለነበር ድምፁ ከየት በኩል እንደሚመጣ እንኳ በደንብ አይለይም። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ደጃችን መጡ። «ምን አገኛቸው?» ያለኝ የለም፤ መታመማቸውን ሁሉም ያውቃል። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ያለኝም የለም። አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ የጠየቀኝ «ድንኳኑስ?» ብሎ ነው። የቤቱን ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ ደጃችን ላይ ቆሜ ነበር።

አያ ዘውዱ የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ጎንደር ከቅዳሜ ገበያ በላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ያሳደጉኝ፣ አስተምረው ለሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። «አንቺ ቀለም ቆጥረሻል፤ ለአርባቸው የሚነበብ ነገር ጻፊ» ስለተባልኩ እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። እስከ ዛሬ እንባ አልወጣልኝም። «ልጅቷ ደርቃ ቀረች» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። ይወራ። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፤ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለቅሶ የሚፈልግ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

ቅዱስ ነበሩ ብዬም አልጀምርም። ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር። ከሬዲዮ ጋር የሚከራከሩ ሰው ነበሩ፤ ዜና አንባቢው የሚሰማቸው ይመስል «ውሸትህን ነው!» ይሉታል። አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቢሰበሰብ አይመልሳቸውም። የቤታችን ጣሪያ ሲያፈስ ደግሞ ባልዲ ይደቅኑበታል እንጂ አያስጠግኑትም። ስጨቀጭቃቸው «ተይው፣ ዝናቡስ ቢሆን መግቢያ አያስፈልገውም?» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ በዚያ ባልዲ ስንት ጊዜ ተደናቅፌአለሁ።

የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የጨረሱት ከጎንደር ደባርቅ በሚመላለስ አውቶብስ መሪ ላይ ነው። በዚያ መንገድ የተሳፈረ ሁሉ የሚያስታውሳቸው በአንድ ቃል ነው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ኮሶዬ ዳገት ላይ ብርዱ ከጉሙ ጋር ሲወርድ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሽማግሌ ወይም ልጅ ያዘለች ሴት ካዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። ትምህርት ሲዘጋ አብሬያቸው እሄድ ስለነበር ጋቢና ተቀምጬ ሁሉን እሰማለሁ። ረዳታቸው «አያ፣ ኧረ ሞልቷል! የት ላስቀምጣት ነው?» ብሎ ይጮኻል። እሳቸው ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «ማኪና ሞልቶ አያውቅም፤ ሰው ተንሰራፍቶ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላሉ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። አንዴ አንዲት የዳባት ነጋዴ «ምነው አያ ዘውዱ፣ ጭኔ ላይ ልታስቀምጡብኝ ነው?» ብትላቸው «ካልከበደሽማ ሸጋ!» ብለው አውቶብሱን በሙሉ አሳቁት። ሴትዮዋም እየሳቀች ጠጋ አለች።

ጡረታ ሲወጡ እድሩ የዕቃ ቤት ኃላፊ አድርጎ መረጣቸው። ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንኳኑ በእሳቸው እጅ ገባ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚያወጡት፣ ካስማውን የሚመቱት፣ ሐዘኑ ሲያበቃ አጥፈው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ ሸራ ስለሆነ በየጊዜው ይቀደዳል። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በጆንያ መስፊያ መርፌ ሲጥፉት ማየት የለመድነው ነገር ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰዉ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በተመላለሱበት መንገድ ልጁን አዝሎ ወደ ጎንደር ወረደ። ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ፤ ደጀ ሰላሞቹ ሞሉ፤ በየበረንዳው ሰው ተኛ። እኔ በሆስፒታል የማየው ይበቃኝ ስለነበር ቤት ስገባ ወሬውን መስማት አልፈልግም ነበር። አያ ዘውዱ ግን በየጠዋቱ የድሮ ባልደረቦቻቸውን ሰላም ለማለት መናኸሪያ የመውረድ ልማድ ነበራቸው። አንድ ቀን እዚያ ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች ሴት ድምፃቸውን ሰምታ ቀና አለች። ወርቄ ትባላለች፤ ከዳባት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ሚስት ናት።

«አያ፣ እርስዎ ጠጋ ጠጋ በሉ የሚሉት ሾፌር አይደሉም?» አለቻቸው። «ገበያ ስንወጣ በእርስዎ ማኪና ነበር የምንሄድ።»

አያ ዘውዱ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ወትሯቸው አልሳቁም። «ይኸን ብላኝ እንዴት ትቻት ልምጣ? በገዛ ቃሌ ያዘችኝ እኮ!» አሉኝ። ትተዋትም አልመጡም። እሷን፣ ባሏን፣ ልጆቿን፣ ሽማግሌ አማቷንና አብረዋት የወረዱ ሌሎች ጥቂት ቤተሰቦችን አስከትለው ከች አሉ። እኔ «አያ፣ የት ሊተኙ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ እሳቸው የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍተው ድንኳኑን እየጎተቱ ነበር። ከደጃችን ፊት ያለው ሜዳ ላይ ተጣለ።

አንድ ስሕተት የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በሰፈራችን የእድሩ ድንኳን ከተጣለ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ያዩት እማማ ስንዱ ናቸው፤ ከእኛ ቤት በላይ የሚኖሩ፣ ከለቅሶ ቀርተው የማያውቁ ባልቴት። ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ከሩቁ ጀምረው «ወይኔ! ወይኔ ወገኔ!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ድንኳኑ ውስጥ ሰተት ብለው ገቡና መሬት ላይ የተቀመጠችውን ወርቄን አቅፈው አለቀሱ። ወርቄም ግራ እንደገባት አብራቸው አለቀሰች።

ከቆይታ በኋላ እንባቸውን ጠርገው «ማን ነው የሞተብሽ፣ እናቴ?» አሏት።

«ኧረ የሞተብኝስ የለም፣ እማማ» አለች ወርቄ። «ቤቴ ነው የተቃጠለ። በሬዎቻችንንም ነዷቸው።»

እማማ ስንዱ ወደ አያ ዘውዱ ዞሩ። «አንተ ዘውዱ! ሰው ሳይሞት ድንኳን ትጥላለህ? ሟርት ነው እኮ!»

አያ ዘውዱ ከውጭ ካስማ እየመቱ ነበር። «ታዲያ ምን ተሳሳቱ?» አሉ። «ያለቀሱት ለሐዘንተኛ ነው። ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚሞተው? ቤቷ ሞቶባት የለም?»

እማማ ስንዱ ተነስተው ሄዱ። ያስቀየምናቸው መስሎኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን እንጀራና የምስር ወጥ ይዘው ተመለሱ። «እዝን ነው» አሉ፤ ሐዘን ቤት የሚገባ ምግብ ማለታቸው ነው። «ሐዘን ከሆነ በወጉ ይሁን።» በማግሥቱ ሌላው ጎረቤት መጣ፤ ከዚያም ሌላው። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና፣ ያመጣውን አስቀምጦ፣ ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። መጀመሪያ የመጣው ተሳስቶ ነው፤ ኋላ ላይ የመጣው ዐውቆ ነው። ማን ተሳስቶ ማን ዐውቆ እንደመጣ መለየት ያቃተኝ ጊዜም ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ነገሩን አልወደደውም፤ የወርቄ አማት። ሽማግሌው የሚቀርብላቸውን እዝን ወደዚያ ገፍተው «አልሞትኩ፣ ምን አድርጌ የሐዘን እንጀራ እበላለሁ?» እያሉ ፊታቸውን ወደ ሸራው ያዞራሉ። ልጃቸው ለመናቸው፤ ወርቄ ለመነቻቸው፤ አልሆነም። አያ ዘውዱ አልለመኗቸውም። አጠገባቸው ተቀመጡና ስለ እርሻ ያወሯቸው ጀመር። ቆየት ብለው «በሬዎችህ ማን ማን ይባሉ ነበር?» አሏቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ከሸራው መልሰው «ቦራና ዳልቻ» አሉ። «ቦራ ሰነፍ ነው። ዳልቻ ግን ሰው ነው፤ ስሙን ስጠራው ይመለከተኛል።» አያ ዘውዱ ባርኔጣቸውን አወለቁና «እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ» አሏቸው። በዚያ ቀን ሽማግሌው በሉ። እኔ ከሥራ ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአንድ ትሪ ሲበሉ አይቼ ወደ ቤት ገባሁ።

እድሩ ግን ዝም አላለም። ሰብሳቢያችን አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ጠሩ። እኔም ነበርኩ።

«ድንኳኑ የተገዛው ለሐዘን ነው፣ አያ ዘውዱ። ደንቡን እርስዎም ያውቁታል» አሉ።

«ለሐዘን ነው ያዋልኩት» አሉ አያ ዘውዱ።

«ለአባላት ሐዘን ነው!»

ከኋላ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰፈሩን የጥገኛ መሰብሰቢያ አደረጉት እኮ» አለ። ዝቅ ቢያደርገውም ተሰማ። አያ ዘውዱ ወደ ድምፁ ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ጥገኛ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉት። «የተጠጋ ማለት ነው። ሰው ደግሞ የሚጠጋው ሌላው ጠጋ ሲልለት ነው። እኔ ይችን ቃል ስጮኽ ነው የኖርኩት። አንተስ ራስህ ስንቴ በእኔ ማኪና ተጠግተህ ሄደሃል? የዚያች የአምባ ጊዮርጊስ ሴት ዶሮ ጭንህ ላይ...»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ። አቶ ጌታሁንም ፈገግ አሉ፤ ግን እሳቸው በሳቅ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። በመጨረሻ ድንኳኑ ባለበት እንዲቆይ ተስማሙና አንድ ነገር አከሉበት፤ አባል የሞተ ዕለት ድንኳኑ ሳይውል ሳያድር ተነቅሎ ወደ ሟቹ ደጅ ይሄዳል። አያ ዘውዱ «ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው በሞተ ቁጥር ጥሩምባው ሳያባራ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ታች ሰፈር እድር ይወርዱና የእነሱን ድንኳን ለምነው ይመጣሉ። እምቢ የሚላቸው አልነበረም። ወርቄ ግን እሳቸው ተመልሰው እስኪመጡ አታምንም። ጥሩምባ ስትሰማ ዕቃዋን መጠቅለል ትጀምራለች። ልጆቿም ለምደውታል፤ ጥሩምባ ሲሰሙ ጫማቸውን ይፈልጋሉ። እኛ «ማን ሞተ?» እንላለን፤ እነሱ «ወጣን ወይ?» ነው የሚሉት።

ሐዘን ብቻ ነበር ብዬ እንዳልዋሽ ይኸንንም ልጻፍ። ከቤተሰቦቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ ሆስፒታል እስክትደርስ አልታገሣትም፤ እዚያው ድንኳን ውስጥ ወለደች። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ቆም ብለው ተያዩ። በሐዘን ድንኳን እንዴት እልል ይባላል?

«ምነው ዝም አላችሁ? ወንድ ነው ሴት?» ይላሉ አያ ዘውዱ ከውጭ ሆነው።

«ወንድ ነው! ግን እዚህ እንዴት እልል እንበል?» አሏቸው እማማ ስንዱ።

«ኧረ ጉድ! ታዲያ ወጥታችሁ ሜዳው ላይ አትሉትም?»

ሴቶቹ ተሰልፈው ወጡ። ሜዳው ላይ እልልታውን አቀለጡት። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ተራ በተራ ተመልሰው ገብተው በጸጥታ ተቀመጡ። አያ ዘውዱ በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው «ወይ የእኛ ሰው!» ሲሉ አሁን ድረስ ይሰማኛል።

ከዚያ ሳል ጀመራቸው። ናሙናቸው የተመረመረው እኔ በምሠራበት ክፍል ነው፤ ስለዚህ እንደማይድኑ ከእሳቸው በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ይመስለኛል ውስጤ ያለው ነገር ቀጥ ያለው። እስካሁንም ከዚያው አልተንቀሳቀሰም።

ቤት ስገባ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የተቀደደውን ሸራ ይጥፉ ነበር። ነገርኳቸው። መርፌውን አላቆሙም፤ «እሺ» አሉ ብቻ። ቆየት ብለው «እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉኝ። «እኔ ስሞት ድንኳኑን እንዳታስነቅዪብኝ።»

«ለቅሶ የሚመጣውስ ሰው የት ይቀመጥ? ደንብም አለ። ደግሞስ ታች ሰፈር ወርዶ ድንኳን የሚለምንልዎት ማን ነው?»

ሳቅ አሉ። «እሱን አላውቅም። እኔ የዚያን ቀን ተሳፋሪ ነኝ።»

ተናደድኩ። በዚህ ነገር ይቀለዳል? እሳቸው ግን «ቃልሽን» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሸራውን በአንድ በኩል ያዝኩላቸውና መጣፋቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ወደ ጀመርኩበት ጠዋት ልመለስ። «ድንኳኑስ?» ሲሉኝ በመጨረሻ ቃላቸውን ነገርኳቸው። አቶ ጌታሁን ከሁለት የእድሩ ሰዎች ጋር ዶማና መዶሻ ይዘው ቆመዋል። ዐይናቸው ቀልቷል።

«የሟች ቃል ነው፤ አከብራለሁ» አሉ። «ግን እስቲ አንቺው ፍረጂ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ድንኳን ጥለው የሸኙ ሰው እሳቸው ያለ ድንኳን ይሸኙ? ዝናቡ ደግሞ ይኸው መጣ። ሊያለቅስላቸው የመጣ ሰው ሜዳ ላይ ይበስብስ? ነውር ነው፣ ልጄ። እኔ በሕይወት እያለሁ አያ ዘውዱን እንዲህ አላደርጋቸውም።»

«የታች ሰፈሩ ድንኳንስ?» አለ አንዱ።

«ተጠይቋል። እነሱም ሐዘን ላይ ናቸው።»

የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። እኔም የሰጠሁት ቃል እውነት ነው። ከድንኳኑ ካስማዎች አንዷ ጠማማ ናት፤ ሁልጊዜም ጠማማ ነበረች። ቆሜ የማየው እሷን ነበር።

ይባስ ብሎ ወርቄ ማንም ሳይነግራት ዕቃዋን አውጥታ ካፊያው ላይ ደርድራለች። ሌሎቹም ምንጣፋቸውን ጠቅልለዋል። ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ለሳቸው ነው እኮ» አለች። «ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ስደነግጥ ኖርኩ። ዛሬ አልደነገጥኩም። ለሳቸው ካልወጣን ለማን ልንወጣ ነው?»

«እንዳይነቀል ብለዋል፣ ወርቄ።»

«እሳቸውማ ይላሉ። እኛ ግን ለቅሷቸውን ዝናብ ላይ አናደርግም።»

«ልጆቹን የት ልታደርጊያቸው ነው?» አልኳት። ወደ ልጆቿ አየችና ጥቅልሏን አቀፈች።

አቶ ጌታሁን ዶማውን አነሱ። መልሰው አስቀመጡት። እንደገና አነሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ካስማ ነቀሉ። ሸራው በዚያ በኩል ረገብ አለ።

እማማ ስንዱ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። እንደ ልማዳቸው ከሩቁ ጀምረዋል፤ «ወይኔ ዘውዱ! ወይኔ ወንድሜ!» ዐይናቸው ደክሟል፤ ዶማውንም፣ የወጣውን ዕቃም፣ የረገበውን ሸራም አላዩም። ድንኳን አለ፣ ሐዘን አለ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋቸዋል? በመካከላችን አልፈው ገቡና ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ከዚያ በእጃቸው አጠገባቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ባዶ ሆነባቸው።

«ወርቄ የት አለች? ሐዘንተኞቹ የት ሄዱ?» አሉ።

ወርቄ በሩ ላይ ጥቅልሏን እንደታቀፈች ቆማለች።

«ምን ትገተሪያለሽ እዚያ? ሰው ሊመጣ አይደለም እንዴ! ነይ ግቢ፤ ልጆቹንም አስገቢ። ጠጋ ጠጋ በሉ!»

ለቀልድ አይደለም ያሉት። ቃሉ ሰፈራችን ውስጥ ተለምዶ ስለቀረ ከማን እንደወጣ እንኳ ልብ ሳይሉ ነው ያሉት። አቶ ጌታሁን ግን ልብ አሉ። በእጃቸው የያዙትን ካስማ አዩት። «እሳቸው እኮ ናቸው» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አላውቅም። ከዚያ ተንበርክከው ካስማውን በነበረበት ጉድጓድ አስገቡና በመዶሻ ይመቱት ጀመር። እየመቱ ያለቅሱ ነበር።

ወርቄ ገባች። ምንጣፎቹ ተመልሰው ተነጠፉ፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በጥቅልሎቹና በድስቶቹ መካከል ገቡ። ዝናቡ መጣ። ሰዉም መጣ፤ የደባርቅ መስመር ሾፌሮች መጡ፤ የታች ሰፈር ሰዎች ከራሳቸው ሐዘን ተነስተው መጡ። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ተቀመጠ። ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የነበሩት ወርቄና ቤተሰቧ ናቸው፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው የሚቀመጡት። ለቅሶ ደራሹም በወጉ ከእነሱ ጀምሮ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላቸዋል። ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጡ ዘመዶቻችን ነገሩን አያውቁም፤ ወርቄን የአያ ዘውዱ ልጅ መስላቸው አቅፈው አለቀሱባት። ሽማግሌው አማቷን ደግሞ «ወንድማቸው ነዎት?» አሏቸው። «ነኝ» አሉ ሽማግሌው። ማንም አላረማቸውም።

እኔ በሩ ላይ ቁልፌን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ዝናቡ ጀርባዬን እየመታኝ እንደሆነ አልታወቀኝም። ወርቄ እጇን ዘርግታ ነጠላዬን ሳብ አደረገችና ልጆቿን ገፋ ገፋ አድርጋ ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ።

ሣልስቱ ሲያልፍ ድንኳኑ በደንቡ መነሣት ነበረበት። ማንም አላነሣውም። ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ሰው ሲሞት ወደ ታች ሰፈር ወርደው ድንኳን ለምነው የመጡት አቶ ጌታሁን ናቸው።

አያ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ድንኳኑ አለ። አንድ ካስማ ተነቅሎ ነበር፤ ተመልሷል፤ ጠማማዋ አይደለችም። ወርቄ ባለፈው ጥሩምባ ስትሰማ ዕቃዋን አላወጣችም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእማማ ስንዱ ጋር ለቅሶ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ የተወለደው ልጅ መራመድ ጀምሯል፤ በገመዱ እየተደናቀፈ ይወድቃል፣ ይነሣል። ሬዲዮዎን አልከፈትኩትም። ባልዲው ሞልቶ ነበር፤ ደፋሁትና መልሼ ደቀንኩት። ጣሪያውን ላሠራው አስቤ ተውኩት።

እንባዬ አሁንም አልመጣም። ይመጣል ይሉኛል። ሲመጣ የት ሄጄ እንደምቀመጥ አውቃለሁ፤ ቦታ አላጣም።

ደህና ይግቡ፣ አያ። በዚያ ሁሉ ዘመን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ትተው አላለፉም፤ እርስዎንም ትቶ የሚያልፍዎት አይኑር። እዚያ ሲደርሱ በር ላይ ቆሞ «ሞልቷል» የሚልዎት ካለ፣ የሚሉትን ያውቁታል።